ግልጽ ደብዳቤ፦ የትምህርት ቤቶቻችን ግድግዳ በአካባቢያችን አፈር ይቀባ

በጎጃም ዞኖችና በባሕር ዳር ከተማ ለሚገኙ የትምህርት መምሪያዎች
ለርእሳነ መምህራንና ለሥነ ጥበብ መምህራን
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ የትምህርት ቤት የግድግዳ ሥዕል በአካባቢ ቁሳቁስና በተማሪዎች እጅ እንዲሠራ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የትምህርት ኃላፊዎችና መምህራን፣

ጥያቄያችን አንድ ነው። በየትምህርት ቤቱ ለግድግዳ ሥዕል የሚመደበው ገንዘብ በቆርቆሮ የሚሸጥ የዘይት ቀለም መግዣና የሠዓሊ መቅጠሪያ መሆኑ ይቅርና ኖራ፣ ብሩሽና ወንፊት ይገዛበት። ቀለሙን ተማሪዎች ከአካባቢያቸው አፈር ያውጡት፤ ሥዕሉንም እነሱ ይሣሉት። የክወናና የእይታ ጥበባት በትምህርት መርሐ ግብሩ ውስጥ አለ፣ የአካባቢ ሳይንስም አለ። ሁለቱ የሚገናኙበት ሥራ ግን በአብዛኛው ትምህርት ቤት የለም፤ ሥዕል ሲባል እርሳስና ደብተር፣ አካባቢ ሲባል ችግኝ መትከል ብቻ ሆኗል። አፈር ቆፍሮ ያመጣ፣ ያጠበ፣ ያጠለለ፣ የፈጨና የቀባ ልጅ ግን ስለ አሸዋና ሸክላ፣ ስለ ብረት ዝገት፣ ስለ ጎርፍ፣ አፈሩን ለመውሰድ ፈቃድ ስለሚጠየቀው ጎረቤት ገበሬ ጭምር ይማራል። እኛ በባሕር ዳርና በአካባቢዋ የምንገኝ የሥዕል ተማሪዎችና መምህራን ሥራው እንዲፈቀድና እንዲታገዝ እንለምናለን። እንዴት እንደሚሠራም እዚሁ እናስቀምጣለን፤ «ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ማን ያውቀዋል?» ተብሎ እንዳይታለፍ።

በመጀመሪያ የዘይት ቀለም በጭቃ ግድግዳ ላይ ለምን እንደማይበረክት። የጭቃ ግድግዳ በክረምት ከመሬትና ከአየር እርጥበት ይስባል፣ በበጋ መልሶ ያወጣዋል። የዘይት ቀለም መውጫውን ይደፍነዋል። ውሃው ከቀለሙ ጀርባ ይጠራቀማል፣ የሟሟ ጨውም ይዞ ይመጣል፤ ቀለሙ ያብጥና ከነምርጊቱ ይረግፋል። ይህ ሲሆን «ቀለሙ ርካሽ ነበር» ተብሎ ውድ ይገዛል። ውድ የዘይት ቀለም የበለጠ የሚደፍን ስለሆነ ጉዳቱ ይብሳል። ኖራ ግን እርጥበቱን ያሳልፋል፤ ሲያረጅም እየሳሳ ይሄዳል እንጂ ቅርፊት ሆኖ አይነሳም፤ በላዩ መድገም ብቻ በቂ ነው።

ግድግዳው ከመነካቱ በፊት ጣሪያው ይታይ። የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ወጣ ካላለ፣ አሸንዳም ከሌለ፣ ከቆርቆሮው የሚወርደው ዝናብ መሬት ነጥሮ የግድግዳውን ታች ይበላዋል። ስለዚህ ከመሬት እስከ 50 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር ድረስ ሥዕል አይሣል፤ ባዶ ኖራ ብቻ ይቀባ፣ እሱም በየዓመቱ ይታደስ። የተሰነጠቀ ምርጊት በጤፍ ጭድ በተቦካ ጭቃ ይጠገን፤ ጭቃው ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይቦካ፣ በየቀኑም ይረገጥ። ሳይቦካ የተለጠፈ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ደግሞ ሥዕሉን ሁለት ቦታ ይከፍለዋል።

አሮጌ የዘይት ቀለም ያለበት ግድግዳ ላይ ኖራ አይያዝም፤ መፋቅ አለበት። እዚህ ላይ አጥብቀን እንናገራለን። የአገራችን ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን እርሳስ የተባለ መርዛማ ብረት በሚሊዮን 90 ክፍል ገድቦታል፤ ከደንቡ በፊት የተቀባ ግድግዳ ግን ምን እንደያዘ ሳይመረመር አይታወቅም። ስለዚህ አሮጌ ቀለም በደረቁ በሸካራ ወረቀት አይፈተግ፤ አቧራው ሕፃናት ሳንባ ይገባል። ውሃ እየረጩ በስፓቱላ የሚፍቁት አዋቂዎች ይሁኑ፤ ተማሪዎች በዚያ ቀን በግቢው አይኑሩ፤ ፍቅፋቂውም ተጠቅልሎ ይወገድ እንጂ በጓሮ አትክልት ላይ አይደፋ።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ። ጎጃም የቀለም ድኻ አይደለም። ከመራዊ እስከ ዳንግላና ቡሬ የሚታረሰው ቀይ አፈር ቅላቱን ያገኘው ከብረት ዝገት ነው። ይህን ፀሐይ አያደበዝዘውም፣ ኖራም አያጠፋውም። ቢጫው ለመንገድ በተቆረጠ ገደል ላይ፣ በበሰበሰ ድንጋይ መካከል ይታያል። በቢቸና ዙሪያ እንዳለው ያለ ጥቁር አፈር ግን ለግድግዳ አይሆንም፤ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላ ነው፤ ስንጥቁን ይዞት ግድግዳው ላይ ይወጣል። ለጥቁር ቀለም የተፈጨ ከሰል ወይም የምጣድ ጥላሸት ይሻላል። ጥላሸት ቅባት ስላለው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይቀላቀልም፤ በመጀመሪያ መምህሩ በጥቂት ጠብታ አልኮል ወይም አረቄ አርሶ እንደ ሊጥ ካሸው በኋላ ውሃ ይቀበላል።

አፈሩ ሥር፣ ቅጠልና ፍግ ካለበት ከላዩ አይወሰድ። ክንድ ያህል ጠልቆ ያለው ንጹሕ ነው፤ ይሁንና ለዚህ ተብሎ ጉድጓድ መቆፈር አያስፈልግም። ለቤት መሠረት የተቆፈረ፣ ለመጸዳጃ ቤት የወጣ፣ ከመንገድ የተጣለ አፈር በየቀበሌው አለ። ከወንዝ ዳር፣ ከተራራ ቁልቁለት፣ ከማሳ ድንበርና ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ፈጽሞ አይወሰድ። አንድ ባልዲ ለአንድ ትምህርት ቤት ለዓመት ይተርፋል።

አጠባው እንዲህ ነው። አፈሩ ደርቆ በሙቀጫ ይደቅቅና በባልዲ ውሃ ውስጥ በደንብ ይማሰል። እጅን አውጥቶ አንድ ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ አሸዋው ይዘቅጣል። ድፍርሱ ውሃ ቀስ ብሎ በነጠላ ጨርቅ ወደ ሌላ ባልዲ ይገልበጥ፣ ከታች የቀረው አሸዋ ይጣል። ይህ ሁለት ጊዜ ይደገም። ከዚያ ድፍርሱ ሳይነካ ሁለት ቀን ይደር፤ ከላይ የጠራው ውሃ ይፈስሳል፣ ከሥር የቀረው ልስልስ ጭቃ በሰፌድ ወይም በላስቲክ ላይ በስሱ ተሰጥቶ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በወንፊት ይነፋል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በመቸኮል ነው፤ አሸዋው በደንብ ካልተለየ ቀለሙ ግድግዳ ላይ ይሻክራል፣ በእጅ ሲነካም ይራገፋል። በሁለት ጣት መካከል ሲታሽ ምንም የማይኮሰኩስ ከሆነ ደርሷል።

ከዚህ ሁሉ ሥራ ለተማሪ የሚያስደንቀው የቢጫ አፈር አመሳ ነው። ቢጫው ዱቄት ለእንጀራ በማይመለስ አሮጌ የብረት ምጣድ ላይ በስሱ ይዘረጋና ይታመሳል። መጀመሪያ እንፋሎት ይወጣል፣ ቀጥሎ ጠርዙ ወደ ብርቱካን ይዞራል፤ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲደርስ ዱቄቱ በሙሉ ይቀላል። በዝገቱ ውስጥ ተይዞ የነበረው ውሃ ስለሚወጣ ነው። ትኩስ እያለ ግን ጠቁሮ ይታያል፤ ሲቀዘቅዝ ነው እውነተኛ መልኩ የሚወጣው። ስለዚህ በየአምስት ደቂቃው አንድ አንድ ማንኪያ እያወጡ ወረቀት ላይ በተራ መደርደር ይገባል። ከአንድ አፈር ቢጫ፣ ብርቱካን፣ ቀይና ቡናማ በሰልፍ ይገኛል። ለኬሚስትሪ መምህሩም ከዚህ የተሻለ ሰሌዳ አናውቅም።

ልጆች ከሁሉ በፊት የሚያመጡት እርድ፣ ቀይ ሥርና የአበባ ቅጠል ነው። ለወረቀት ይሞክሩት፣ ለግድግዳ ግን አይሆንም። እርድ ኖራ ሲነካው ወዲያው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፣ በፀሐይም ቶሎ ይጠፋል። መከልከል ግን አያስፈልግም፤ አንዱ ጥግ ላይ እርድና ቀይ አፈር ጎን ለጎን ተቀብተው እስከ ትምህርት መዝጊያ ይታዩ። ሰማያዊ ከአፈራችን አይገኝም። በዘጌና በጣና ደሴቶች ገዳማት ግድግዳ ላይ የምናየው ሰማያዊም ከአካባቢው አፈር የወጣ አይደለም። ለውሃና ለሰማይ የግድ ከተፈለገ ኖራ የማያበላሸው ዱቄት ቀለም በጥቂቱ ይገዛ፤ ባይኖርም ሥዕሉ አይጎድልም። አንድ ክፍል ተማሪ በቀይ፣ በቢጫ፣ በጥቁርና በነጭ ብቻ ሲሠራ ስለ ጨለማና ብርሃን የሚያስበው ይበልጣል።

ኖራውን በተመለከተ፦ ያልጠፋ ኖራ ለትምህርት ቤት አይገዛ። ውሃ ሲያገኝ ይፈላል፣ ዓይን ያጠፋል። የጠፋ ኖራ ዱቄት ተገዝቶ ክዳን ባለው በርሜል ውሃ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይዘፍዘፍ፤ በቆየ ቁጥር ይለሰልሳል። ከዚህ የኖራ ሊጥ አንድ እጅ በሦስት እጅ ውሃ ይቅጠን፤ እንደ ወተት ሲሆን ልክ ነው። የአፈር ቀለሙ ከኖራው ክብደት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፤ ከበለጠ ኖራው ሊይዘው አይችልም፣ ልብስ ላይ ይራገፋል። ዱቄቱ በቀጥታ ኖራው ላይ አይበተን፣ ብቻውን በውሃ ታሽቶ ይጨመር። ርዝመቱ 4፣ ከፍታው 2.5 ሜትር ለሆነ ግድግዳ አራት ጊዜ ለመቀባት 4 ኪሎ ያህል ደረቅ ኖራና 400 ግራም ቀለም ይበቃል፤ አንድ የ25 ኪሎ ከረጢት ስድስት ግድግዳ ያወጣል ማለት ነው።

ሲቀባ ግድግዳው አስቀድሞ በውሃ ይረጭ፤ ደረቅ ግድግዳ የኖራውን ውሃ ይመጠውና ዱቄት ብቻ ይቀራል። ቅቡ ስስ ይሁን፤ አንድ ወፍራም ቅብ ይሰነጠቃል፣ አራት ስስ ቅብ ግን እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ኖራ የሚጠነክረው ከአየር የሚያገኘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ ብሎ ሲስብ ስለሆነ በየቅቡ መካከል አንድ ቀን ይሰጠው። በጠራራ ፀሐይ አይቀባ። እርጥቡ ቀለም ሲደርቅ በጣም ይነጣል፤ ይህን ያልተነገረው ተማሪ «ቀለሙ አነሰ» ብሎ እየጨመረ ያበላሸዋል። በመጀመሪያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቀብቶ አድርቆ ማየት ነው መፍትሔው። በኖራ የሚሠራ ሁሉ ጓንትና መነጽር ያድርግ፤ ዓይን ከነካ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ማጠብና ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

መደቡ፣ ማለትም ከምስሎቹ በስተጀርባ ያለው ቅብ፣ በኖራ ከሆነ በኋላ ምስሎቹ ይበልጥ የሚይዝ ማጣበቂያ ይፈልጋሉ። እሱም በየቤቱ ያለው አይብ ነው። ቅቤው በደንብ የወጣለት፣ ጨውና ቅመም ያልገባበት፣ አጓቱ ተጨምቆ የወጣ አይብ አምስት እጅ፣ የኖራ ሊጥ አንድ እጅ ሆነው ይታሹ። ጥቂት ቆይቶ ፍርፍሩ ይጠፋና እንደ ማር ይለጠጣል። ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ በእኩል ውሃ ቀጥኖ ቀለም ይገባበታል። አይቡ ሞቅ ብሎ የወጣ ይሁን፤ ፈልቶ የወጣ አይብ እንደ ጎማ ስለሚጠጥር አይሟሟም፤ ቅቤ የቀረበትም ግድግዳው ላይ ቅባት ያወጣል። በዚያው ቀን ማለቅ አለበት፤ ካደረ ይሸታል፣ መያዙንም ያጣል። ለአንድ ግድግዳ ምስሎች ግማሽ ኪሎ አይብ ይበቃል። የሚበላ ነገር ለግድግዳ ማዋል ከባድ መሆኑ ይገባናል፤ ስለዚህ ነው ለመደቡ ኖራ ብቻ፣ አይቡ ለምስሎቹ ብቻ የምንለው። የሥራውም ጊዜ በዐቢይ ጾም ቢሆን እንመርጣለን፤ ያን ጊዜ ወተት በየጾመኛው ቤት ይተርፋል፣ ዝናብ የለም፣ ትምህርትም አልተዘጋም።

ግድግዳቸው ብሎኬትና በዘይት ቀለም የተለበጠ የከተማ ትምህርት ቤቶች መፋቁ ካልተመቻቸው የጣና ገዳማትን ብልሃት ይውሰዱ። እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ባሉት አብያተ ክርስቲያናት ብዙው ሥዕል የተሣለው በጥጥ ጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ትምህርት ቤትም አቡጀዲ በእንጨት ፍሬም ወጥሮ፣ በቆዳ ሙጫ አርሶ፣ ጀሶ ቀብቶ ክፍል ውስጥ መስቀል ይችላል። ሙጫው አንድ እጅ በአሥር እጅ ውሃ ሌሊቱን ይዘፈዘፋል፣ ጠዋት በሌላ የፈላ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይሞቃል። ራሱ ከፈላ ኃይሉን ያጣል። ተማሪዎች ገዳማቱን ሲጎበኙ ግን ሥዕሉን በእጅ እንዳይነኩ፣ ወረቀት አስደግፈው እንዳይገለብጡ መምህራን አደራ አለባችሁ።

ስለ እንቦጭም ዝም ማለት አንችልም፤ «ከእንቦጭ ወረቀት እንሥራ» የሚል ሐሳብ በየክበቡ ይነሳልና። ይቻላል፣ ግን በጥንቃቄ። አረሙ በጣና በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን የሚራባው በተቆረጠ ግንዱም በዘሩም ነው፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። አንድ ጆንያ እርጥብ እንቦጭ ወደ ሌላ ኩሬ ወይም ወደ መስኖ ግድብ አካባቢ ማጓጓዝ አረሙን መዝራት ነው። ስለዚህ አበባውና ሥሩ እዚያው ዳር ይቅር፤ ግንዱ ብቻ እዚያው ላስቲክ ላይ ተሰጥቶ እስኪሰባበር ድረስ ደርቆ ይምጣ። ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ ከ100 ኪሎ እርጥቡ የሚቀረው ከ10 ኪሎ በታች ነው። ደረቁ ግንድ በ2 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ በአመድ ውሃ ሳምንት ይዘፍዘፍና ይቀቀል። መዘፍዘፉ የማብሰያውን ሰዓት ያሳጥራል፤ ለወረቀት ተብሎ ማገዶ መፍጀት ጥቅሙን ያጠፋዋልና። ከበሰለ በኋላ ውሃው እስኪጠራ ታጥቦ በሙቀጫ ይወቀጣል። ብቻውን ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰበራል፤ ስለዚህ ከተቀደደና ከተዘፈዘፈ አሮጌ ደብተር ጋር እኩል በእኩል ይቀላቀል። ውሃ ውስጥ ተበትኖ በፍሬም ላይ በተወጠረ የመስኮት ሽቦ ወንፊት ይወጣል፣ ጨርቅ ላይ ተገልብጦ በድንጋይ ይጫናል። ለወባ የተሰጠ አጎበር ለዚህ አይዋል። ይህ ለትምህርት እንጂ ለገበያ አይሁን፤ ከእንቦጭ ገቢ የለመደ መንደር እንቦጩ እንዲጠፋ መመኘቱ ያዳግተዋል።

በጣና ዳር ረግረግ የሚበቅለው ደንገል ሌላ ነገር ነው። እሱ ሊጠፋ የማይገባው ነው። የዓሣ መራቢያ፣ የወፍ መጠለያ፣ ከማሳ የሚመጣውን ደለል የሚያጣራ ነው፤ የታንኳ ሠሪዎችም እንጀራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ቀጠና ተብሎ ሲመዘገብ ይህ ረግረግ አብሮ ተቆጥሯል፤ ቢሆንም ዳር ዳሩ እየታረሰና እየተቃጠለ እየጠበበ ነው። ትምህርት ቤቶች ደንገል ራሳቸው እንዳያጭዱ እንጠይቃለን። ይልቁንስ ታንኳ የሚሠሩ የነገደ ወይጦ (በጣና ዳር የሚኖር ማኅበረሰብ) አባቶችና ሰሌን የሚሠሩ እናቶች ተከፍሏቸው ለአንድ ቀን መምህር ሆነው ይምጡ። የበሰለውን ግንድ ከሥሩ ሳይነቅሉ እንዴት እንደሚመርጡት፣ ለምን ደንገሉ ደርቆ እንደሚታሰር፣ ታንኳ ውሃ እየጠጣ ሲከብድ መቼ እንደሚተካ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እነዚህ ሰዎች ለረጅም ዘመን በንቀት የተያዙ ናቸው። በልጆች ፊት «መምህር» ተብለው መቆማቸው በራሱ ትምህርት ነው። ሸክላ ሠሪ እናቶችም እንዲሁ፤ አፈር መምረጥን ከእነሱ የተሻለ የሚያስተምር አይገኝም።

ምን ይሣል ለሚለው፣ እባካችሁ ርእስ አትስጡ። በየመዋዕለ ሕፃናቱ የምናየው የውጭ ካርቱን ነው፤ በየሁለተኛ ደረጃው ደግሞ ከመጽሐፍ የተቀዳ ካርታና መፈክር። አንድ ክፍል በመጀመሪያ ግቢውን ዞሮ ያለውን ይመዝግብ፦ ዋንዛው፣ ብሳናው፣ የውሃ ቧንቧው፣ ጎርፍ የቦረቦረው ጥግ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው የደብሩ ጥድና ወይራ። ከዚያ ልጆቹ በአንድ ትልቅ ወረቀት ይንደፉት፤ ወረቀቱ በ10 ሳንቲ ሜትር አራት ማዕዘን ይከፋፈል፣ ግድግዳው በ50 ሳንቲ ሜትር፤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን አራት ማዕዘን በከሰል ያሻግር። እንዲህ ሲሆን አርባ ልጅ ያለው ክፍል ሳይጋፋ ይሠራል፣ ጎበዝ ሠዓሊ የሚባለው አንድ ልጅም ሁሉን ይዞ ሌሎቹ ብሩሽ አጣቢ አይሆኑም።

ከመምሪያዎቹ የምንፈልገው የሚከተለው ነው። ርእሰ መምህራን ለቀለም የተያዘን በጀት ለኖራና ለመሣሪያ ማዞር እንዲችሉ በደብዳቤ ይፈቀድላቸው፤ አሁን የግዢ ዝርዝሩ «ቀለም በጋሎን» ስለሚል ብዙዎቹ ፈርተው ይተዉታል። የጥበባትና የአካባቢ ሳይንስ መምህራን በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ለዚህ ሥራ የጋራ ክፍለ ጊዜ ይሰጣቸው። ለእጅ ባለሙያዎቹ የቀን አበል በሕጋዊ መንገድ የሚከፈልበት ርእስ ይከፈት። በሚጠገኑ ትምህርት ቤቶች የጥገና ውል ውስጥ ቢያንስ አንድ የውጭ ግድግዳ ያለ ዘይት ቀለም እንዲተው ይጻፍ። ያ ግድግዳ የዘላለም አይሁን፤ በየሁለት ዓመቱ ኖራ ተቀብቶ ለቀጣዩ ክፍል ይለቀቅ፣ የቀድሞው ሥዕል ፎቶው በትምህርት ቤቱ መዝገብ ይቀመጥ። መምህራን ለማሠልጠን በየወረዳው ሁለት ቀን ብትመድቡልን ወንፊታችንንና ምጣዳችንን ይዘን እንመጣለን፤ ከትራንስፖርት በቀር የምንጠይቀው የለም። ኖራው መዘፍዘፍ ያለበት ከጾሙ በፊት ስለሆነ ምላሻችሁ እስከ ጥር መጨረሻ እንዲደርሰን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

የሥዕል ተማሪዎችና መምህራን
ባሕር ዳር

ግልባጭ፦
ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቶች
በጣና ዳርቻ ለሚገኙ የቀበሌ አስተዳደሮች
ለባህልና ቱሪዝም መምሪያዎች